«አየር አንገዛም» ላሉት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለቃጭል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማሰራጫ ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ገብረሕይወት
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለተከበረው የግዥ ኮሚቴዎ አባላት፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ጀርባ ቀጥ ብሎ ለቆመው ማማ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ጉንፋኑ ለቀቅ አደረገዎት? ሰሞኑን በተካሄደው የአድማጮች ቀን መድረክ ላይ ሲያስልዎት አይቼ አንጀቴን በልተውት ነበር። እርጥበት ለሰውም ለሽቦም ጠላት ነው። ለእርስዎ ነጭ ሽንኩርትና ማር ይበቃል፤ ለሽቦው የሚበቃው ግን ሌላ ነው፣ ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ከማጣቴ በስተቀር። ግንቦት ከገባ ወዲህ ደመና ባየሁ ቁጥር አንድ ቦታ አረፍ ብሎ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ በየመሐሉ እየተነሳሁ በመስኮት ሰማዩን አያለሁ፤ ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥብዎት እንደ ጣቢያዎ ሥርጭት ቆጥረው ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜ ለምለም ገለታ ይባላል፤ በቂርቆስና በካዛንቺስ መካከል ከጥንት ጀምሮ ያለው የጎረቤታሞች እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድር ጸሐፊ ማለት፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ሰው ሲሞት ለሰው የማድረስ ኃላፊነት ያለበት ማለት ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም የሚያገለግለው ሰው ከመጣ ነው። ሰው ካልመጣ ድንኳን ሸራ ነው፣ በቃ።

ድሮ ይህን ሥራ ያቀሉልኝ የነበሩት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ሊካሳ ዳባ ናቸው። ጋሽ ሊካሳ በማለዳ ተነስተው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ይጀምሩና፣ በስታዲየም ጀርባ አድርገው እስከ ካዛንቺስ እየነፉ ሲወጡ፣ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ያልሰማ ሰው አልነበረም። «አልሰማሁም» ብሎ መቅረት አይታሰብም ነበር። ኋላ ሰፈራችን ለልማት ተነስቶ ጎረቤቱ ገላን፣ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ እድሩ ግን አብሮ አልተበተነምና፣ ጡሩምባው አልደርስ አለ። ያን ጊዜ «ለቀብር ጥሪ ቃጭል ሬዲዮን እንጠቀም» የሚል ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ጋሽ ሊካሳ ናቸው። ማስታወቂያ ለማስነገር መጀመሪያ ወደ ቢሮዎ የመጣን ዕለት ባርኔጣቸውን አውልቀው ማማዎን ከሥር እስከ ጫፍ አዩትና «ተተኪዬ ረጅም ነው፤ እንደኔ እግሩን አያመውም» ብለው ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፣ ቅናት የሚባል ነገር አላየሁባቸውም።

«ስልክ የለም ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎም በዚያ በሚያምር ፈገግታቸው ጠይቀውኛል። ስልክማ አለ። ነገር ግን አብዛኞቹ አባሎቻችን በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ስልካቸው ወይ የልጅ ልጅ ይጫወትበታል፣ ወይ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ወይ ቻርጅ ጨርሷል። ሬዲዮናቸው ግን ራስጌያቸው ናት። የእርስዎን የምሳ ሰዓትና የምሽት የቀብር ማስታወቂያ ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። እንግዲህ ይህን ያህል ነው ያመንዎት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማያነብ ስለተነገረኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መስመሩ አመራረጥ።

አምና በሚያዝያ፣ የማሰራጫዎን ኃይል በብዙ እጥፍ ማሳደግዎን ለማብሰር በጠሩት የአድማጮች ቀን፣ ኢንጂነር ሀዊ ነገሪ መድረክ ላይ ወጥታ እንደኛ ላለው ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረድታን ነበር። ሀዊ የቂርቆስ ልጅ ናት፤ ድርጅትዎ ካሉት ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ የተማረችው እሷ ስለሆነች ይመስለኛል እንድትናገር የተፈቀደላት። ኃይል መጨመር ብቻውን ምንም አይደለም አለችን። ድምፁም ምስሉም ከማሰራጫው ተነስቶ ማማው ጫፍ ላይ ወዳለው አንቴና የሚወጣበት መስመር አለ፤ መስመሩ በአግባቡ ካልተመረጠ ያ ሁሉ ኃይል መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ሲብስም መስመሩን ራሱን ያቃጥለዋል።

ምርጫውንም ዘረዘረችልን። ቧንቧ የመሰለ፣ እየተቀጠለ የሚሠራ የመዳብ መስመር አለ፤ ብዙ ኃይል ይሸከማል፣ ግን ከባድና ውድ ነው። ውስጡ በስፖንጅ መሰል ነገር የተሞላ ኬብል አለ፤ ጣጣ የለበትም፣ ግን ማማው ሲረዝምና ኃይሉ ሲበዛ ብዙ ያባክናል፣ በተለይ ለቴሌቪዥኑ። ሌላው ደግሞ ውስጡ ባዶ፣ ማለት አየር ብቻ የሆነ ወፍራም ኬብል ነው፤ የሚያባክነው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከመዳቡ ቧንቧ ይሻላል፣ ነገር ግን ውስጡ ዓመቱን ሙሉ በደረቅ አየር ተነፍቶ መኖር አለበት። ለዚህም ከሥሩ የምትቀመጥ አየሩን እያደረቀች የምትነፋ አንዲት ማሽን አለችው። ማሽኗ ከሌለች የክረምቱ እርጥበት ሰርጎ ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ መስመር መሆኑ ይቀራል አለች።

በዚያው ስብሰባ ላይ «ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር» የሚለውን ከወረቀቱ ላይ አንብበው፣ ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ የተጣለውን የመብራት ገመድ ለምን አንሰቅለውም ብለው የጠየቁትን የኮሚቴ አባል መቼም አልረሳቸውም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሕዝብ ፊት ለመጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል፤ እኔ በበኩሌ አልደፍረውም። ሀዊ ስማቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው እንደማይገናኝ በትዕግሥት አስረዳቻቸው።

ኮሚቴዎማ ከዚያ ቀን አስቀድሞ ባለ አየሩን ኬብል መርጦ ነበር። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ሀዊም የመከረችው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በአንደኛ ቁጥር ያቀረብኩት ቅሬታ ቅሬታ አይደለም ማለት ነው፤ ሁለተኛው እንዳይከብድዎት መንደርደሪያ ይሁንልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ አየሩ።

ክቡር ሆይ፣ እስቲ አንዲት ላም የገዛ ሰው፣ ላሟን እየጎተተ ቤቱ ካስገባ በኋላ «ለሣር ግን አልከፍልም፣ ሣር ሜዳ ላይ የበቀለ ነገር ነው» ቢል ምን ይሉታል? በኬብሉ የግዥ ሰነድ ላይ «የደረቅ አየር ማሽን» የሚል መስመር ነበረ። የፋይናንስ ኃላፊዎ «አየር» የምትለዋን ቃል ሲያዩ ደማቸው ፈላ። አየር? አየር ደግሞ ይገዛል እንዴ? ይሄማ አየር ባየር ነው! ዕቃ ሳይታይ ከደላላ ወደ ደላላ የሚሸጥበት ያ የታወቀ ንግድ ወደ ግቢያችን ሊገባ ነው! ተብሎ በቀይ እስክርቢቶ ተሰረዘ። ወይ ጉድ! አንድ ቃል ከመርካቶ ደላሎች ጋር ስም ስለተጋራ ብቻ፣ ያቺ ምስኪን ማሽን ሌባ ተባለች።

ይባስ ብሎ ክቡርነትዎ ራስዎ በዚያ መድረክ ላይ ደረትዎን ነፍተው «ይህ ድርጅት እኔ እያለሁ አየር አይገዛም!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ለሙስና ያለዎትን ጥላቻ በእውነት አደንቃለሁ። ሌባ የሚያሳድድ ኃላፊ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ማሽን የሚያሳድድ ግን እርስዎን የመጀመሪያ አየሁ። ያን ዕለት ሀዊ መድረኩ ጥግ ላይ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ነበር፤ አላጨበጨበችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ አድማጮች አስተያየት መቀበያ ክፍል መዛወሯን ሰማሁ። ይህንንም ዝውውር አደንቃለሁ። ይሆናል ብላ ያስጠነቀቀችውን ሁሉ፣ ከሆነ በኋላ ከአድማጭ አንደበት እየሰማች እንድትመዘግብ ማድረግ፣ እንዲህ ያለውን ቅጣት ጠላት እንኳ አያስበውም። ይህን ደብዳቤም መጀመሪያ የምትቀበለው እሷ ናት፤ እግረ መንገዴን እንደምነሽ ሀዊዬ እላለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ክረምቱ።

ሐምሌ ሲገባ የሆነውን መቼም ሳይነግሩዎት አልቀሩም፤ ወይስ አልነገሩዎትም? ዝናቡ ማማው ላይ ሲወርድ ሬዲዮናችን መጀመሪያ እንደ ሰው ጉሮሮ መሻከር ጀመረች፣ ቀጥላ «ሽሽሽ» ማለት፣ ከዚያም ጭራሽ ዝም። ፀሐይ ወጥቶ ሲሞቅ ትመለሳለች፤ ማታ ሲዘንብ ትሄዳለች። ቴሌቪዥንዎም አልቀረለትም። ስታዲየም አጠገብ ሻይ ቤት ያለው አሚር የኳስ ጨዋታ በእርስዎ ጣቢያ ከፍቶ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ምስሉ እንደ ሞዛይክ ተሰነጣጠቀና ጠፋ። በዚያን ጊዜ ወጣቶቹ ስለ ክቡርነትዎ የተናገሩትን ለክብርዎ ስል አልጽፈውም።

ሀዊን አግኝቼ ምክንያቱን ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ። መስመሩ ውስጥ ውሃ ሲገባ ወደ ላይ የተላከው ኃይል መውጫ ያጣና ወደ ማሰራጫው ተመልሶ ይመጣል፤ ማሰራጫውም እንዳይቃጠል ራሱን ለማዳን ራሱን ያጠፋል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔም ቅሬታ ይዤ ወደ እናንተ ቢሮ በመጣሁ ቁጥር ኃላፊዎቹ ሁሉ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል፤ ራሳቸውን ለማዳን ነው የሚጠፉት ማለት ነው።

እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ላይሰሙት ይችላሉ፤ አልፈርድብዎትም። በቢሮዎና በየኮሪደሩ የተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ከስቱዲዮው በሽቦ በቀጥታ የተያያዙ ናቸው አሉ። ከተማው ሁሉ «ሽሽሽ» ሲሰማ፣ እርስዎ ዘንድ ጣቢያዎ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ይፈሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን ተረት አያቶቻችን ሬዲዮ ሳያዩ ነው የተረቱት።

አራተኛ፤

ለዚህኛው አርዕስት ማውጣት ከበደኝ። አሁንም ተነስቼ ሰማዩን አይቼ መጣሁ፤ በእንጦጦ በኩል ጥቁር ብሏል።

ባለፈው ነሐሴ ጋሽ ሊካሳ አረፉ። የቀብር ጥሪያቸውን ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ጥሪው በምሽቱ፣ በማግሥቱም በምሳ ሰዓት አካባቢ ከቀብሩ በፊት ይነበባል ተባለ። ሬዲዮኗ ማታ ብትሄድ እንኳ በምሳ ሰዓት ትመለሳለች ብዬ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሰውን ለሰው ቀብር መጥራት ስለነበር፣ ለእርሳቸው የሚመጣው ሰው ብዛት ያሳሰበኝ ድንኳኑ እንዳይጠብ ብቻ ነው። ተጨማሪ ወንበር እንኳ ከጎረቤት እድር ተውሰን ደረደርን። እርስዎ አይተውት አያውቁ ይሆናል እንጂ ጋሽ ሊካሳ ጡሩምባቸውን ነፍተው ሲያልፉ እናቶች ከየበሩ ብቅ እያሉ «ቀባሪ አይንሳዎት» ብለው ነበር የሚመርቋቸው። ከዚህ የበለጠ ምርቃት በእኛ ሰፈር የለም።

ያን ዕለት ማታም ዘነበ፣ ጠዋትም ዘነበ።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና እኔ ነበርኩ፣ ልናገር። ድንኳኑ ውስጥ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ነበሩ፣ ማንም አልተቀመጠባቸውም። በር በሩን ስናይ ቆየን። ካህናቱ ሰዓቱ ደረሰ ሲሉ አስከሬኑን የሚሸከም ሰው አነሰና፣ አቶ ሐሚድ ሜክሲኮ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ስለነበር ጫማቸው ጭቃ እየዋጠው ከፊት ሆነው ተሸከሙ። እስላም ነኝ፣ ክርስቲያን ነው አላሉም። እስከ ቂርቆስ በር ያደረስናቸው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ እኔ ግን ከአሟሟቱም አቀባበሩ ነው የምለው። ሰውን ሁሉ ለሰው ሲጠሩ የኖሩ ሰው ለራሳቸው የሚጠራላቸው አጥተው ሄዱ። አዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ክቡር ሆይ፣ እስካሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን አልጽፍም ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አያንቱ ከቀብር መልስ ወደ ጣቢያዎ ስልክ ደወሉና «የባለቤቴ ጥሪ ተነቦ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛዎ ትሑት ልጅ ነው፣ መዝገቡን አይቶ «አዎ እናቴ፣ ተነቧል» አላቸው።

ተነቧል። ይህቺ ቃል ናት ዛሬ እዚህ ያደረሰችን። ውሸት አይደለችም፤ አንባቢው በዚያ ግርማ ሞገስ ባለው ድምፁ አንብቧታል፣ በእርስዎ ኮሪደር ላይም ጥርት ብላ ተሰምታለች። ከስቱዲዮው ወጥታ ማማው ጫፍ ሳትደርስ ግን ውሃ የጠጣው መስመር ውስጥ ሰጥማ ቀርታለች። ወይዘሮ አያንቱ ይህን በምን ያውቃሉ? እርሳቸው የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተነቧል፤ እንግዲያው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሰምቶ ቀርቷል።

ከሳምንታት በኋላ ወሬው በአፍ በአፍ ሲደርስ ጎረቤቶቻችን ከገላንም፣ ከአራብሳም ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ወይዘሮ አያንቱ በር አልከፈቱላቸውም። እድራችን ውስጥ ከእርሳቸው ጋር ወተት የተበዳደረች፣ ልጅ ያሳደገች፣ ስንት ዓመት በአንድ ግቢ የኖረችው ወይዘሮ ጀሚላ በሩ ላይ ቆማ አልቅሳ ተመለሰች። እኔ ገብቼ ስለ መስመሩ፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለተሰረዘው ማሽን አንድ በአንድ ባስረዳቸው «አንቺ ልጅ፣ አየር ጠፍቶ ነው ሰው የቀረው ትይኛለሽ? ሬዲዮን የሚያህል ነገር ይዋሻል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለራሴ ስሰማው እንኳ የማይታመን ነገር ነው የምነግራቸው። ሬዲዮን ደግሞ ከእኔ የበለጠ ያምናሉ፤ ያሳመናቸው ሟቹ ባላቸው ናቸው።

አሁን ወይዘሮ አያንቱ ታመዋል፤ ደረታቸው ነው የሚያስቸግራቸው፣ ብርድ ሲሆን ይብስባቸዋል። ባለፈው ሾርባ ይዤ ስሄድ እጄን ያዙና «ለምለም፣ እኔ ስሞት ለማንም እንዳትናገሪ። ያልሰማ ሰው ቢቀር አያሳፍርም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የእድር ጸሐፊ ሆኜ ስንት መርዶ ነግሬያለሁ፣ ስንቱን ቀብር አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እኚህ ሴት ይህን እንደያዙ እንዳያልፉብኝ እፈራለሁ።

ስለዚህ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የጠየቅሁት ካሣ አይደለም፣ በሬዲዮ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ በአክብሮት ተቀብለው፣ «አልተሰማም» የሚለው ቃል የድርጅቱን ገጽታ ስለሚያበላሽና ማስታወቂያ አስነጋሪዎችን ስለሚያስበረግግ በአየር ላይ ሊውል እንደማይችል ነገሩኝ። በአየር ላይ! አየር ሳይኖራችሁ። በምትኩ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተፈጠረው መጠነኛ መቆራረጥ» የሚል ይቅርታ ሊያስነብቡልኝ ቃል ገቡ። የሕግ ክፍልዎም «ተነቧል» የሚለው መልስ በሕግ ፊት ትክክል መሆኑን አረጋገጠልኝ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ትክክል ነው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ በዘንድሮው የአድማጮች ቀን፣ ያ ሳል በየመሐሉ እያቋረጠዎት፣ የአምናው ኬብል ውስጡ ስለተቃጠለ አዲስ የማስተላለፊያ መስመር በቅርቡ እንደሚመረጥና «ሥራው መስመር እንደያዘ» አበሰሩን። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከኮሚቴዎ አካባቢ እንደሰማሁት ዘንድሮም ያው ባለ አየሩ ኬብል ተመርጦ፣ ያቺ ማሽን ዘንድሮም በቀይ ተሰርዛለች። የዘንድሮው ምክንያት ደግሞ «አምናም ያለ እሷ ተሠርቷል» የሚል ነው አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እንኳ አንድ ጊዜ ነው የጣለችው።

ክቡር ሆይ፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉና የኬብል ዓይነት መርጬ ልስጥዎት አልልም፤ ሥራዬ አይደለም። መዳቡን ይግዙ፣ ስፖንጁን ይግዙ፣ ባለ አየሩን ይግዙ፤ ብቻ ባለ አየሩን ከገዙ አየሩንም ይግዙለት። ሀዊን ከአስተያየት መቀበያው ጠርተው ለአንድ ጠዋት ይስሟት። «አየር» የሚለው ቃል ኮሚቴውን የሚያስደነግጥ ከሆነ «የክረምት ልብስ» ብለው ይጻፉትና ይለፍ።

በመጨረሻም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ሰው ሁሉ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰውን ሲያማ እኔ ግን የእርስዎን የጥበቃ ሠራተኞች አመሰግናለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር ወንበር ሰጥተውኛል፣ ከቢሮው ሰዎች ይልቅ ስለ ጋሽ ሊካሳ የጠየቁኝም እነርሱ ናቸው። ኮሚቴዎን ስለ ቆጣቢነቱ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎን ደግሞ ስለ ማማው፤ ያ ማማ ባይኖር ኖሮ ጋሽ ሊካሳ ተተኪ አገኘሁ ብለው ተደስተው ባልሞቱ ነበር።

እንዲነበብልኝ የምለምነው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው፤ አጭር ስለሆነ የአንባቢዎን ጊዜ አይወስድም፦

«የአቶ ሊካሳ ዳባ የቀብር ጥሪ ባለፈው ነሐሴ በዚህ ጣቢያ ተነቧል፤ ነገር ግን በእኛ ጥፋት አልተሰማም። ወይዘሮ አያንቱ፣ ሰው የቀረው ሰምቶ አይደለም።»

እባክዎን ፀሐይ በወጣበት ቀን ይነበብ።

የረጅም ዕድሜዎና የደረቅ ክረምትዎ ተመኚ፣ ሁልጊዜ ከጣቢያዎ ጋር፣ ጣቢያዎ ከእኔ ጋር ባይሆንም፣

አክባሪዎ ለምለም ገለታ
የእድሩ ጸሐፊ
ቂርቆስ፣ ግንቦት

ማሳሰቢያ፦ ጋሽ ሊካሳ ጡሩምባቸውን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት፤ ቁም ሣጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ በደረቁ ተቀምጧል። የሚፈልገውን አየር ነፊው ከሳንባው ስለሚያመጣ ጨረታ አያስፈልገውም፤ አየር ባየር የሚለውም የለም። ክቡርነትዎ የእድራችን አባል ባይሆኑም ሞት ለማንም አይቀርምና፣ ያ ቀን ይራቅ እንጂ ከመጣ፣ በክረምትም ቢመጣ አይሥጉ። ጣቢያዎ እንደ ልማዱ ያንብብ፤ ማሰማቱን ለእኔ ይተዉልኝ። ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ በየበሩ እየነፋሁ እዞራለሁ፣ አንድም ሰው አልሰማሁም እንዳይል። ያን ዕለት የቀረ ሰው ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሰምቶ ነው የቀረው።